የላከልን ገንዘብ የማን ነው?

ውጭ አገር ልጅ ያለን ወላጆች ገንዘብ ሲደርሰን እንመርቃለን። «ከዚህ የበለጠ ይስጥህ» እንላለን፤ ከዚያም ስለ ጤናው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ትዳሩ እንጠይቃለን። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ግን አብዛኞቻችን አንጠይቅም። ምን ብለን እንጠይቅ? ከሥራው ነዋ! ልጁ ይሠራል፣ ደመወዝ ይቀበላል፣ ከደመወዙ ቆርሶ ይልካል። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ግን ከደመወዝ ስለማይመጣው፣ ከክሬዲት ካርድ ተበድሮ ስለሚላከው ገንዘብ ነው።

እዚህ አገር «ካርድ» ሲባል ቶሎ የሚታየን የኤቲኤም ካርድ ነው። እሱ የሚያወጣልን የራሳችንን ገንዘብ ነው፤ ሒሳባችን ውስጥ ከሌለ ማሽኑ ባዶ እጃችንን ይመልሰናል። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን የሚይዙት ክሬዲት ካርድ ግን የሚያወጣው የባንኩን ገንዘብ ነው። ባንኩ «እስከ 3,000 ዶላር ድረስ አበድርሃለሁ» ይላል፤ ይህ የብድር ጣሪያ ነው። ልጁ በወሩ ውስጥ የተጠቀመበትን ሁሉ ቢሉ ሲመጣ በቀኑ አሟልቶ ከከፈለ፣ በገዛው ዕቃ ላይ ወለድ የለበትም። ቢሉም ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ እንዲላክለት ሕጉ ያዛል። እንዲህ ለሚይዘው ሰው ካርዱ ጥሩ አገልጋይ ነው። ቤት ለመከራየትም ሆነ መኪና በብድር ለመግዛት የሚጠየቀውን የብድር ታሪክ ይገነባለታል። ስለዚህ «ካርድ የሚባል ነገር አትያዝ» ብሎ መምከር አያዋጣም። ችግሩ የሚመጣው ጣሪያው እንደ ደመወዝ መታየት ሲጀምር ነው።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩና ዘመድ ሁሉ የገንዘብ ነገር ሲጠብበት ወደ እኔ ይደውላል። ቨርጂኒያ የሚኖረው የእህቴ ልጅም የደወለው ለዚሁ ነው። ታሪኩን የምነግራችሁ «ለሌላውም ይጠቅማል» ብሎ ስለፈቀደልኝ ነው።

ካርዱ ላይ ቀድሞ የቆየበት 900 ዶላር ነበር። እህቴ ለዓይን ሞራ ቀዶ ጥገናና ክረምት ሳይገባ የቤቷን ቆርቆሮ ለመቀየር ገንዘብ እንደሚያስፈልጋት ስትነግረው፣ 1,000 ዶላር በገንዘብ አስተላላፊ በኩል ላከላት። የከፈለው ግን በክሬዲት ካርዱ ነው። በሳምንቱ ለእህቱ ሠርግ ለመምጣት የ1,200 ዶላር የአውሮፕላን ትኬት በዚያው ካርድ ቆረጠ። ጣሪያው 3,000 ዶላር ነው፤ እሱ ግን አልፎታል። ካርዱ አልከለከለውም። ከዚያ ቢል መጣ፤ ፈርቶ ሳይከፍተው የመክፈያው ቀን አለፈ።

«አክስቴ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት ብቻ» አለኝ። «ቢሉን ላንብብልሽ፣ የቱ ምን እንደሆነ አስረጂኝ።»

መስመር በመስመር አነበበልኝ። መጀመሪያ ያገኘነው የ50 ዶላር ክፍያ ነው። ለእናቱ የላከውን 1,000 ዶላር ባንኩ እንደ ዕቃ ግዢ አልቆጠረውም፤ ከካርዱ ላይ ጥሬ ገንዘብ እንደወሰደ ነው የቆጠረበት። ብዙ ባንኮች በክሬዲት ካርድ የሚላክ ሐዋላን የሚያዩት እንዲህ ነው። ጥሬ ገንዘብ ሲሆን ደግሞ ሦስት ነገር ይለወጣል። እዚያው 5 በመቶ ይቆረጣል። ወለዱ ከዕቃ ግዢው ከፍ ይላል፤ የእሱ ለዕቃ 24፣ ለጥሬ ገንዘብ 29 በመቶ ነበር። ከሁሉም የከፋው ሦስተኛው ነው፦ ያ ያለ ወለድ የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ የለም፤ ወለዱ ከላከበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። በዚህ ስሌት 1,000 ዶላሩ ብቻውን በወር 24 ዶላር ያህል ይወልዳል። በዚህ ላይ የአስተላላፊው የራሱ ክፍያ አለ። ያው ገንዘብ ከባንክ ሒሳቡ ቢላክ ኖሮ ከዚህ ሁሉ የአስተላላፊው ክፍያ ብቻ ነበር የሚኖረው።

ሁለተኛው መስመር ጣሪያውን በማለፉ የተጣለበት 30 ዶላር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ሕግ አለ። ፕሬዚዳንት ኦባማ በግንቦት 2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፈረሙት የክሬዲት ካርድ ሕግ፣ ደንበኛው አስቀድሞ «ጣሪያዬን ባልፍም አሳልፉልኝ» ብሎ ካልተስማማ በስተቀር ባንኩ ለዚህ ቅጣት እንዳያስከፍል ይከለክላል። ካልተስማማ፣ ባንኩ ወይ ግዢውን አይቀበልም፤ ወይ ያለ ቅጣት ያሳልፍለታል። የተስማማም ቢሆን በፈለገ ቀን ስምምነቱን ማንሳት ይችላል። ቅጣቱም ከጣሪያው በላይ ካለፈው ገንዘብ መብለጥ የለበትም፤ 12 ዶላር ቢያልፍ 30 መቅጣት አይቻልም። ደግሞም ያሳለፈው የባንኩ የራሱ ወለድና ክፍያ ብቻ ከሆነ ቅጣት የለም። ከዚህ ሕግ ወዲህ ብዙ ባንኮች ይህን ቅጣት ጭራሹን ትተውታል። የእህቴ ልጅ ግን ካርዱን ሲያወጣ ከተደረደሩት ጥያቄዎች መካከል «አዎ» የሚለውን ነክቶ ነበር።

ሦስተኛው ቀኑን በማሳለፉ የተጨመረ ሌላ 30 ዶላር ነው። ከነዚህ ሁሉ ሥር ወለዱ ተቀምጧል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ አንዱ ክፍያ ለሌላው በር ከፍቶለታል።

መጀመሪያ የነገርኩት ለባንኩ እንዲደውል ነው። የእኛ ልጆች ባንክ ሲደውል ስልክ አያነሱም፤ ራሳቸው መደወል ደግሞ ውርደት ይመስላቸዋል። እሱ ግን ደወለ። ከዚህ በፊት ቀን አሳልፎ ስለማያውቅ የመዘግየቱን 30 ዶላር ሰረዙለት። የጣሪያውን አልሰረዙለትም። ጣሪያ የማለፍ ስምምነቱን ግን በዚያው ስልክ አነሳ። ከእንግዲህ ካርዱ ሲሞላ ይመልሰዋል፤ ሱቅ ውስጥ ማፈር ከቅጣት ይሻላል። ሁለተኛው ሥራ ዕዳውን በቶሎ ከጣሪያው በታች ማውረድ ነበር፤ ምክንያቱም ካልወረደ ያው አንድ ማለፍ በሚቀጥሉት ወራትም ሊያስቀጣው ይችላል። የትርፍ ሰዓት ክፍያውን 300 ዶላር በአንዴ ከፈለ። ዕዳው ወደ 3,000 ዶላር ግድም ወረደ።

አሁን ወላጆች ሁሉ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር መጣ። በቢሉ ላይ «ዝቅተኛ ክፍያ» የሚባል ቁጥር አለ። ልጁ ይህን ብቻ ከከፈለ ባንኩ ዝም ይለዋል፤ ቅጣት የለም፣ ስሙም አይበላሽም። ስለዚህ «እየከፈልኩ ነው» ይላል፤ እኛም እናምነዋለን። ሒሳቡን ለማቅለል ዕዳው 3,000 ዶላር፣ ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ነው እንበል። የወሩ ወለድ 60 ዶላር ይሆናል። ብዙ ባንኮች ዝቅተኛ ክፍያ የሚሉት የወሩን ወለድና ከዕዳው አንድ በመቶ ነው፤ ስለዚህ 90 ዶላር። ከ90ው 60ው ወለድ ሆኖ ይሄዳል፤ ዕዳው የሚቀንሰው በ30 ብቻ ነው። እንዲህ እየከፈለ ዕዳው ግማሽ እስኪሆን ወደ ስድስት ዓመት ገደማ ይወስድበታል። 1,500 ዶላር ዕዳ ለማቃለል 3,000 ዶላር ወለድ ከፍሎ ማለት ነው። ያኔም ገና ግማሹ ይቀረዋል።

ያው ልጅ በየወሩ 150 ዶላር ሳያዛንፍ ቢከፍል ግን በ26 ወር ይጨርሳል፤ ጠቅላላ ወለዱም 870 ዶላር ያህል ነው። በወር 60 ዶላር መጨመር ይህን ያህል ዓመት ይቆርጣል። ይህ የእኔ ምክር ብቻ አይደለም። ዝቅተኛውን ብቻ ቢከፍል ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፣ በሦስት ዓመት ለመጨረስ ደግሞ በወር ስንት መክፈል እንዳለበት ባንኩ ቢሉ ላይ እንዲጽፍ ያው ሕግ ያስገድደዋል። ችግሩ ቢሉን የሚከፍተው ሰው መጥፋቱ ነው።

የእህቴ ልጅ 150 ዶላሩን ደመወዝ በገባ ቀን በራሱ እንዲከፈል አደረገው። ካርዱን ከኪሱ አወጣው፤ ዕዳ ያለበት ካርድ ላይ የሚጨመር አዲስ ግዢ ከገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጠርበታልና። ከዝቅተኛው በላይ የሚከፍለው ደግሞ በሕጉ መሠረት መጀመሪያ የሚሄደው ወለዱ ከፍ ወዳለው ክፍል ነው፤ ለእሱ ወደ ሐዋላው ብድር። መክፈል ያቃተው ሰው በቢሉ ላይ ወደተጻፈው የዕዳ ምክር አገልግሎት ስልክ ይደውል። «ዕዳህን አጠፋልሃለሁ፣ አስቀድመህ ክፈለኝ» ከሚል ሰው ግን ይራቅ። ክፍያ 60 ቀን እስኪያልፍ ዝም ማለትም አደገኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባንኩ የቆየውን ዕዳ ወለድ ራሱን ሊያስጨምር ይችላል።

ይህን ሁሉ ከጨረስን በኋላ የቀረው እናቱ ነበረች። እኔ አልነገርኳትም፤ መንገር ያለበት እሱ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እናትህ የምታውቀው ደግሞ በአንተ አፍ ይሁን» አልኩት። ሁለት ሳምንት አመነታ። በመጨረሻ ደውሎ ነገራት። እህቴ ወዲያው ወደ እኔ መጣች፤ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።

«የብድር መሆኑን ባውቅ እኮ» አለች፣ «ዓይኔን ሐኪሙ ‹አይቸኩልም፣ ጥቂት ወር ሊቆይ ይችላል› ብሎኛል። ቆርቆሮውም የሚያፈሰው በአንድ በኩል ብቻ ነው። እኔ የነገርኩት ካለው ይልክልኛል ብዬ እንጂ ዛሬውኑ ይሁን ብዬ መቼ አልኩ?»

«እሱ ደግሞ እናቴ ከጠየቀችኝ ቸግሯት ነው ብሎ ነው፣ እትዬ» አልኳት።

ሁለቱም የዋሹት ነገር የለም። እሷ ካለው ጠየቀች፤ እሱ ከሌለው ሰጠ። በመካከላቸው ያልተባለ አንድ ነገር ስለነበር ብቻ ባንክ ገብቶበት አተረፈ። ገንዘቡ የልጁ አልነበረም፤ ገና ያልሠራው የነገ ድካሙ ነበር።

ስለዚህ ከወላጅ የሚጠበቀው የባንክ ሕግ ማጥናት አይደለም። ስንጠይቅ ጊዜውን አብረን እንናገር፦ «ይህ እስከ መስከረም ይቆያል»፣ «ይህ ግን ሐኪም ዛሬ ያለው ነው» እንበል። ልጅ የእኛን ችግር ከሩቅ ሲሰማው ሁሉም አስቸኳይ ይመስለዋል። ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለቤት ዕድሳት የሚሆነውን ቀደም ብሎ በዕቁብ መሰብሰብ፣ ልጁም ከደመወዙ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እንዲያዋጣ ማድረግ፣ በአንድ ሌሊት ከካርድ ከማውጣት እጅግ ይረክሳል። ሠርግ ሳይመጣ የቀረን ልጅም «ጨከንክ» አንበለው፤ ትኬቱ ከምን እንደሚቆረጥ እሱ ነው የሚያውቀው።

ዕዳ እንዳለበት የነገራችሁ ልጅ ካለ ደግሞ አትደንግጡበት። የክሬዲት ካርድ ዕዳ በአሜሪካ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንጂ ወንጀል አይደለም። ካርዱን አብረው ካልፈረሙ በስተቀር ዕዳው ለወላጅ አይተላለፍም። ዕድሜያቸው 21 ያልሞላ የልጅ ልጆች የራሳቸው ገቢ ከሌላቸው ካርድ የሚያገኙት ዋስ የሚሆናቸው ሰው አብሮ ሲፈርምላቸው ነው፤ እዚያ ያላችሁ ዘመዶች ይህን ሳታነቡ አትፈርሙ።

በሚቀጥለው ጊዜ መልእክቱ ሲደርሳችሁ ምርቃቱን አትተዉት። ከምርቃቱ በኋላ ግን ረጋ ብላችሁ «ልጄ፣ ይህ ከደመወዝህ ነው ወይስ ከካርድ?» በሉት። ከካርድ ነው ካለ፣ የቀረው መቆየት ይችል እንደሆነ ንገሩት። ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት «ቆይቶ ይደርሳል» የምትሉት ነገር ካለ፣ እሱም ለልጁ ስጦታ ነው።

ሳምንት እንገናኝ፤ ቸር ሰንብቱ።