«ስኒ» ብለው ሸጡለት፣ ምጣድ ሊያክልበት!

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የአክስት ልጅ አለኝ። ሰሞኑን በእኩለ ሌሊት ደውሎ «ስሚ፣ ዓሣ ልገዛ ነው» አለኝ። መቼም ለዚህ ከእንቅልፌ አይቀሰቅሰኝም፣ ፆም ይዞ ምን ልብላ ሊለኝ ነው ብዬ ነበር። ለካ የሚበላ አይደለም። ፎቶ ላከልኝ። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ የያዘ ፍጥረት። ስቲንግሬይ ይባላል፤ ይሄኛው የወንዝ ነው። ሻጩ «የሻይ ስኒ ስቲንግሬይ ነው፤ ብዙ አያድግም፤ ለጀማሪ ይሆናል» ብሎታል።

እናንተዬ፣ እኔ ዓሣ አርቢ አይደለሁም። ግን ጋዜጠኝነት ስንማር ያልለቀቀኝ አንድ ልማድ አለ፦ «ይህን የሚነግረኝ ሰው ምን ያገኛል?» ብሎ መጠየቅ። ሁለት ሳምንት ሳነብ ከረምኩ።

ሲጀመር «የሻይ ስኒ» የሚባል ዝርያ የለም። የገበያ ስም ነው። በዚህ ስም የተለያዩ ዝርያዎች ይሸጣሉ፤ ብዙዎቹ ገና ጨቅላዎች ናቸው። ፎቶው ላይ ያለው ሞቶሮ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ዝርያ ነው። ሲያድግ የአካሉ ስፋት ብቻ፣ ጅራቱ ሳይቆጠር፣ ግማሽ ሜትር ይደርሳል፤ ሊያልፍም ይችላል። የእንጀራ ምጣድ በሉት!

«ታዲያ ከሁሉም ትንሹን ልግዛ» አለኝ። ከትንንሾቹ አንዱ በብራዚል ሪዮ ኔግሮ ወንዝ የሚኖረውና በ2016 (እ.ኤ.አ.) ዋላሴይ የሚል ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው ነው። እሱም ቢሆን ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የለመደው ደግሞ ጥቁር መልክ ያለው አሲዳማ ውሃ ነው፤ ለጀማሪ አይመችም። ዓለም አቀፍ ንግዱም በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ስር ነው። ትንሽ ማለት ቀላል ማለት አይደለም።

የኔ አቋም ይኸው፦ ጀማሪ የግድ ስቲንግሬይ ካላረባሁ ካለ የሚመረጠው ያው ሞቶሮ ነው። ግን ከወንዝ የተያዘ ሳይሆን በሰው እጅ የተወለደ፤ አንድ ብቻ፤ ቢቻል ወንድ፣ ምክንያቱም በአብዛኛው ሴቷ ትበልጣለች። ሱቅ ውስጥ ዓይናችሁ እያየ ሲበላ ካላያችሁ አትግዙ። የአካሉ ጠርዝ ወደ ላይ ከተጠቀለለ፣ ወይም ከጅራቱ ስር አጥንቱ ከወጣ፣ ጥላችሁ ውጡ።

ከዓሣው በፊት ግን ገንዳው ይቅደም። ስቲንግሬይ ወለል ላይ የሚኖር ፍጥረት ስለሆነ ዋናው ነገር የወለሉ ስፋት ነው። ቢያንስ 180 በ90 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ቁመቱ 60 ከሆነ ውሃው ብቻ አንድ ቶን ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ልጁ የሚኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በኪራይ ነው! ዓሣው ብዙ ይበላል፤ ብዙ የሚበላ ብዙ ያቆሽሻል። ከቆሻሻው የሚወጣውን አሞኒያ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ አራት፣ አምስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ዓሣው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ ሳይወገድ አይጨመርም።

«ሲያድግ ትልቅ ገንዳ እገዛለታለሁ» አለኝ። ይህችን ቃል ሁሉም ይላታል። ቀኑ ሲደርስ ግን ገንዘቡም ቦታውም የለም፤ የሚወስድለት ሰውም አይገኝም። ከዚያ ጨለማን ተገን አድርጎ ውሃ ውስጥ መጣል ይመጣል። ሲንጋፖር ሂዱና እዩ፦ የደቡብ አሜሪካው ሞቶሮ ዛሬ እዚያ የውሃ ማጠራቀሚያ ግድብ ውስጥ እየተራባ ይኖራል። በራሱ ዋኝቶ አልሄደም። ቴክሳስና ካሊፎርኒያ እነዚህን ዓሦች በግል መያዝ የከለከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ዳላስና ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ወገኖች፣ ሰምታችኋል?

«ገንዘቡ የራሴ፣ ቤቱ የራሴ፤ ምን አገባሽ?» የሚል አይጠፋም። ገንዘቡ ያንተ ነው፤ ሕይወቱ ግን የዓሣው ነው። በደንብ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ አብሮህ ይኖራል። ያን ያህል ዓመት የዚያው ቤት ተከራይ ሆነህ እንደምትቆይ እርግጠኛ ነህ? ማልቀስ ድስት ከተጣደ በኋላ አይሠራም፤ መመጠን ቀድሞ ነው።

ለአክስቴ ልጅ አንድ ነገር ብቻ አዘዝኩት፦ ካርቶን 180 በ90 አድርገህ ቁረጥና ክፍልህ ወለል ላይ አንጥፈው፤ አንድ ሳምንት እየዞርከው ኑር። በሦስተኛው ቀን ደወለ። ካርቶኑ እንዲገባ አልጋው መውጣት ነበረበት።

«ታዲያ ምን ወሰንክ?» አልኩት።

«ለጊዜው አልጋውን» አለኝ።

እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶን ቁረጡ። ቸር እንሰንብት!