ቅናሹ ይቅደም ወይስ ታክሱ?

በኢትዮጵያ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሥራ ላይ ከዋለበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ 15 በመቶው ለታክሱ ለተመዘገበ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ስሌቱ የሚዛባው ቅናሽ ሲገባበት ነው።

ከ10,000 ብር ዕቃ ላይ 10 በመቶ ቢቀነስ ዋጋው 9,000፣ ታክሱ 1,350፣ ጠቅላላው 10,350 ብር ይሆናል። አንዳንዱ ነጋዴ ግን በ10,000 ላይ 1,500 ብር ታክስ ይደምርና ከ11,500 ላይ 10 በመቶ ይቀንሳል። ድምሩ ያው 10,350 በመሆኑ ሻጭም ገዥም ልብ አይሉትም። በደረሰኙ ላይ የሰፈረው ታክስ ግን 1,500 ነውና የ150 ብሩ ልዩነት ከሻጩ ኪስ ይወጣል።

ከዚህ የባሰው «ታክሱን ጨምሮ» ተብሎ የተቆረጠ ዋጋ ነው። 11,500 ብር የተቀበለ ነጋዴ 15 በመቶውን ከጠቅላላው ላይ ካሰላ ታክሱን 1,725 ያደርሰዋል። ትክክለኛው ስሌት ጠቅላላውን ለ1.15 ማካፈል ነው፤ ይኸውም ዋጋውን 10,000፣ ታክሱን 1,500 ብር ያደርገዋል።

በጠባብ ትርፍ ለሚሠራ አነስተኛ ነጋዴ የ225 ብር ስህተት ቀላል አይደለም። እንግዲህ ቅናሹ ከታክሱ በፊት በደረሰኙ ላይ ይስፈር። በቃል ብቻ የተሰጠ ቅናሽ የሻጩን ትርፍ እንጂ ታክሱን አይቀንስም።