ቤቱ ሲሸጥ ተከራዩስ?

እስቲ ዛሬ ስለ አንድ ወረቀት ላውጋችሁ። ወረቀቱ የተለጠፈው በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ ነፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ፣ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ተከራይተን በምንማርበት ግቢ የቆርቆሮ በር ላይ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ አገኘነው። የነፋስ መውጫን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የወረቀቱን አንድ ጠርዝ ገንጥሎት ይርገበገባል። ከላይ «የሐራጅ ማስታወቂያ» ይላል። ከሥሩ ሠንጠረዥ አለ፦ የተበዳሪው ስም፣ የአስያዡ ስም፣ ቤቱ የሚገኝበት ቀበሌ፣ የቦታው ስፋት፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። ሦስታችንም ተራ በተራ አነበብነው። የግቢው የካሬ ሜትር ስፋት ሳይቀር ተጽፏል። እዚያ ግቢ ውስጥ ሦስት ተማሪዎች እንደሚያድሩ ግን የሚናገር አንድም መስመር የለም።

አካባቢውን ለማታውቁት ትንሽ ልጨምር። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የገጠር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ከቤቱ ሩቅ ነው። ስለዚህ ለሦስት ለአራት ሆኖ ከተማ ላይ አንዲት ክፍል ይከራያል። የላይ ጋይንቱ ነፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንቱ አርብ ገበያ፣ የስማዳው ወገዳ፣ የእስቴው መካነ ኢየሱስ ይገባል። ቅዳሜ አገሩ ሄዶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል፤ ገብስ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ድንች፣ ሲገኝም ሽሮ። ወላጅ የኪራዩን ገንዘብ የሚያገኘው ከደመወዝ አይደለም፤ እህል ወይም በግ ሸጦ ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ የመጡ ልጆችን ጠይቄያለሁ፤ የሁላችንም ታሪክ አንድ ነው። ውል የሚባል ነገር ማናችንም ጽፈን አናውቅም። «ወር በገባ ክፈሉ፣ መብራት አታባክኑ» ተባልን፣ ገባን። በቃ።

የእኛ አከራዮች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እንዲያውም እትዬ ስንቃችን ሲያልቅ ከሞሰባቸው ያካፍሉን ነበር። ባለቤታቸው የሚነግዱበትን ሱቅ ለማስፋት ቤቱን አስይዘው ከአንድ አበዳሪ ተቋም ተበድረዋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲገባ ሱቁ ባዶውን ቀረ። ዕዳው ግን ባዶ አልሆነም፤ ወለድ እየወለደ ቀጠለ። እኛ ይህን ሁሉ የሰማነው ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ ነው። «አፈርኩ ልጆቼ፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ» አሉ እትዬ አንገታቸውን ደፍተው። ያን ጊዜ የሦስት ወር ኪራይ አስቀድመን ከፍለናቸው ነበር።

ሐራጁ ተካሄደ። ገዢው አንድ ቀን ማለዳ መጥቶ ግቢውን ዞሮ አየና እኛን ሲያይ ተገረመ። እሱም ሰው መኖሩን የነገረው የለም። «በአሥር ቀን ውስጥ ልቀቁልኝ፣ ላፈርሰው ነው» አለን። ግንቦት ነበር፤ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ከፊታችን ነው። እኔ አንዲት ዘመድ ቤት ተጠጋሁ። አንደኛው ጓደኛዬ እየዞረ ከክፍል ልጆች ጋር አደረ። ከታች ጋይንት የመጣው ሦስተኛው ግን አባቱ ለኪራዩ በግ ሸጠዋልና ሁለተኛ ክፈሉልኝ ለማለት አፍሮ አገሩ ገባ። ፈተናውን አልተፈተነም። ያንን ልጅ በሒሳብ የሚያህለው በክፍላችን አልነበረም። የቀደመውን ኪራይ አከራዮቻችንን አልጠየቅንም፤ ቤታቸውን ላጣ ሰው «ብራችንን መልሱ» ማለት ከበደን።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? መጀመሪያ ላይ አበዳሪውን ረገምነው። ዛሬ ግን እንደዚያ ብዬ አልደመድምም። ባንክ የሚያበድረው የሌላ ሰው ተቀማጭ ገንዘብ ነው፤ ካልተመለሰለት መሸጡ የሚጠበቅ ነው። ሕጉም ይፈቅድለታል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች ብድሩ በጊዜው ካልተከፈለ፣ ይህን የሚፈቅድ ስምምነት እስካላቸው ድረስ፣ መያዣውን ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጥቷል። ቅድመ ሁኔታው ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። ልብ በሉ፤ ማስጠንቀቂያው ለተበዳሪው ነው። በቤቱ ውስጥ ለሚኖረው አይደለም። ተበዳሪው ካፈረ ወይም ከደበቀ ተከራዩ የሚያውቀው ከበሩ ላይ ነው፤ እሱም ወረቀቱን ነፋስ ካልወሰደው።

በሌላ በኩል የመያዣና የኪራይን ልዩነት ተመልከቱ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ መመዝገብም አለበት። የአበዳሪው መብት መዝገብ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። የገጠር ተማሪ ኪራይ ግን በአፍ ነው። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ቤት ላይ ሲገናኙ አንዱ ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ ሌላኛው ፍራሹን ተሸክሞ ይወጣል። ባልበላነው ዕዳ ከፋይ የሆንነው በዚህ የተነሳ ነው።

በ2016 ዓ.ም. አንድ ጥሩ ነገር መጣ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ። በዚህ አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ ይመዘገባል፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም፤ አከራይ ከሁለት ወር የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ይህ ሕግ በእኛ ጊዜና በእኛ ከተማ ቢሠራ ኖሮ ቢያንስ የአንድ ወር ገንዘባችን በኪሳችን ይቀር ነበር፤ ስማችንም አንድ መዝገብ ላይ ይገኝ ነበር። ችግሩ ግን አዋጁ በቀጥታ የሚመለከተው አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው፤ በክልሎች የሚሠራው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ከተማ ሲባል ደግሞ የሁላችንም ሐሳብ ወደ ትልልቆቹ ይሮጣል። ወገዳና አርብ ገበያ ማን ትዝ ይሉታል?

«ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እርግጥ አሜሪካኖች የቤት ብድር ቀውስ ሲያናውጣቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ሕግ አወጡ፤ ቤቱ በዕዳ ሲወረስ ተከራዩ ቢያንስ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ደነገጉ። ሕጉ በ2014 መጨረሻ ጊዜው ቢያልፍበትም በ2018 ቋሚ ሆኖ ተመልሷል። እንግሊዞችም በ2010 ባወጡት ሕግ፣ ባለቤቱ ያለ አበዳሪው ፈቃድ ያከራየው ሰው እንኳ እስከ ሁለት ወር ጊዜ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል። እኛስ? እኛም አድርገነው እናውቃለን። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ደንብ ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ተከራይን እንደ ሰው ለመቁጠር ወረርሽኝ መጠበቅ ነበረብን ወይ ነው ጥያቄው።

ከባንክ ቤት ሰዎች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ሰምቻለሁ፤ መልስ ይገባዋል። «ለተከራይ መብት ከሰጠን ዕዳ ያለበት ሁሉ ወንድሙን ተከራይ አድርጎ የውሸት ውል እየጻፈ ሐራጁን ያጓትታል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ሊያደርገው ይችላል። መድኃኒቱ ግን ተከራዩን ሁሉ ማባረር አይደለም። የሐራጅ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት የተመዘገበ ውል ያለው፣ ወይም ኪራይ የከፈለበትን ደረሰኝና የቀበሌ ምስክር የሚያቀርብ ብቻ ይጠበቅ። ጥበቃውም ዘላለማዊ አይሁን። ተማሪ ከሆነ እስከ ትምህርት ዘመኑ መጨረሻ፣ ሌላው ከሆነ ሁለት ሦስት ወር። ገዢውም እስከዚያው ኪራዩን ይቀበላል፤ አይከስርም።

እንግዲህ እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሐራጅ ማስታወቂያ ሠንጠረዥ ላይ አንዲት ዓምድ ትጨመር፤ «ቤቱን የያዘው ማን ነው?» የምትል። ይህቺን ለመጨመር ባጀት አያስፈልግም፤ አበዳሪው ቤቱን ሲያስገምት የሚልከው ባለሙያ በር ላይ ጠይቆ ይጽፋታል። ገዢውም የሚገዛውን አውቆ ይገዛል፤ ተከራዩም ወሬውን ከሰው አፍ ሳይሆን ከባለጉዳዩ ይሰማል። ሁለተኛ፣ ክልላችን አዋጅ 1320 የሚሠራባቸውን ከተሞች ሲመርጥ የሕዝቡን ብዛት ብቻ አይመልከት፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለበትን የወረዳ ከተማ ሁሉ ይቁጠር፤ ምክንያቱም እዚያ ያለው ተከራይ በአብዛኛው ውል መጻፍ የማያውቅ የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ ነው። ሦስተኛ፣ አከራይ ቤቱ በዕዳ የተያዘ መሆኑን ሲያከራይ እንዲናገር ይገደድ። ዕዳ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቁ ነው።

ሕጉ እስኪደርስልን እኛ ተከራዮችም የምናደርገው አናጣም። ኪራይ ስትከፍሉ፣ ሃምሳ ብርም ብትሆን፣ ፊርማ ያለበት ወረቀት ተቀበሉ፤ ቢቻል በባንክ አስገቡ። ከሁለት ወር በላይ አስቀድማችሁ አትክፈሉ። ከመግባታችሁ በፊት «ቤቱ ተይዟል እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ስድብ አይደለም። ማስታወቂያ ከተለጠፈባችሁ ዝም ብላችሁ ፍራሽ አትጠቅልሉ። የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ እኛ ያን ጊዜ ይህን ብናውቅ ኖሮ ቢያንስ እስከ ፈተናው የሚል ደብዳቤ የሚጽፍልን ሰው እናገኝ ነበር።

የመጨረሻው ቃሌ ለእኛው ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነው። ሰሞኑን ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የቆዩ የአዲስ ዘመንና የበኵር እትሞችን ሳገላብጥ ነበር። የሐራጅ ማስታወቂያ ሞልቷል። ካየኋቸው ውስጥ አንዱም ቤቱ ውስጥ ስለሚኖር ሰው አይናገርም። የማስታወቂያ ገጽ ነው ብለን እንዘለዋለን፤ እኔም እዘለው ነበር፣ አንዱ የራሴ በር ላይ እስኪለጠፍ ድረስ። መምህራኖቻችን «ዜና የት አለ?» ሲሉን ወደ ስብሰባ አዳራሽ እንሮጣለን። እስቲ አንዳንዴ ከእነዚያ ሠንጠረዦች አንዱን ይዘን፣ አድራሻውን ፈልገን፣ በሩን እናንኳኳ። የሚከፍትልን ልጅ ስሙ የትም አልተጻፈም፤ መጀመሪያ የምንጽፈው እኛ እንሁን።

ከታች ጋይንት የመጣው ጓደኛዬ ዛሬ አገሩ ላይ ከአባቱ ጋር ያርሳል። ባለፈው ክረምት አግኝቼው ይህን ልጽፍ መሆኑን ስነግረው ሳቀና «ስሜን ግን እንዳታወጣው» አለኝ። እሺ ብዬዋለሁ።