ሰማንያ ልጅና አንድ ጠመኔ

በዚህ ጋዜጣችን ላይ ስለ ሀገር ጉዳይ ስንጽፍ ብዕራችን ብዙውን ጊዜ የሚሮጠው ወደ ትልልቁ ነገር ነው። ስለ ሥልጣን፥ ስለ ምጣኔ ሀብት፥ ስለ ዓለም ፖለቲካ እንከራከራለን። ዛሬ ግን አንባብያንን ይዘን ወደ አንደኛ ክፍል እንመለሳለን። ሁላችንም ያለፍንበት፥ ከወጣን ወዲህ ግን ዘወር ብለን ያላየነው ክፍል ነውና።

በሁለቱ መንፈቅ መካከል ባገኘነው ዕረፍት ከመካከላችን ጥቂቶቹ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ ወርደን ነበር። ገሚሶቻችን ቤተ ሰብ ልንጠይቅ፥ ገሚሶቻችን ጓደኛ ተከትለን ነው የሄድነው። በሁለቱም ከተሞች ፈቃድ ጠይቀን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከኋላ ወንበር ተቀምጠን አንዳንድ ቀን ዋልን። የትምህርት ቤቶቹን ስም አንጠራም፤ ያየነው የአንድ ቤት ጉድለት ሳይሆን የብዙዎች ኑሮ ነውና።

ወልቂጤ በገባንበት ክፍል ሰማንያ ልጆች ቆጠርን። መንግሥት ያወጣው ደንብ ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል 50 ልጅ ይበቃል ይላል። ለሁለት በተሠራው ዴስክ ላይ አራት ተጣበው ተቀምጠዋል። ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ መዝሙር ከተዘመረ በኋላ ስም መጥራቱ ብቻ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሩብ በላ። ከዚያ ፊደል፥ ሒሳብ፥ እንግሊዝኛ፥ የአካባቢ ሳይንስ፥ ሥዕል እየተከታተሉ መጡ፤ አስተማሪዋ ግን ያችው አንዲቱ ናት። አንዱ እርሳሱ ተሰብሮ ያለቅሳል፤ አንዷ «ቲቸር፥ ገፋኝ» ትላለች፤ ሌላው ሊወጣ እጁን ያወዛውዛል። አስተማሪዋ እርሳሱን በምላጭ እየቀረጸች ከአንድ እስከ ሃያ ታስቆጥራለች፤ እየቆጠሩላትም የተገፋችውን ታስታርቃለች።

እኛም ከኋላ ሆነን ሒሳብ ሠራን። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ለሰማንያ ልጅ ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ግማሽ ደቂቃ ነው። ሰማንያውን ደብተር ለማረም ለአንዱ አንድ ደቂቃ ብንሰጥ እንኳ አንድ ሰዓት ከሃያ ይፈጃል፤ ይህም ለአንድ ትምህርት ብቻ ነው። ፊደላችን ሠላሳ ሦስት በሰባት፥ ማለትም 231 ነው። በግማሽ ደቂቃ ድርሻ ይህን ሁሉ የሚለይ ልጅ ሲገኝ ሊያስደንቀን ይገባል እንጂ፥ ያልለየውን ሰነፍ ማለት አይገባንም።

በዚያው ቀን ያየነው አንድ ነገር ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ነካው። አስተማሪዋ የውሃ ሥዕል አሳይታ «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ከፊት የተቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ ዘሎ ተነሥቶ «እኻ!» አለ። ከተማ ያደጉት ልጆች ሳቁበት፤ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ሊቀመጥ ሆነ። አስተማሪዋ ግን «ልክ ብሏል፥ አጨብጭቡለት» አለችና ወደ ሰሌዳው ዞራ «እኻ»ንም «ውሃ»ንም ጎን ለጎን ጻፈች። ልጁ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ እጁን ሲያወጣ ዋለ።

ወገኖቻችን፥ ይህ ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ነገር ግን ያ ልጅ በዚያች ደቂቃ ቢሳቅበትና ዝም ቢባል ኖሮ ነገም ዝም ይል ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መብት ሰጥቷል። መብቱ በወረቀት መስፈሩ መልካም ነው። ነገር ግን ጉራጌኛ ብዙ ዘር ያለው ቋንቋ ነው፤ ቸሃው፥ እነሞሩ፥ መስቃኑና ክስታኔው አንድ ዓይነት አይናገሩም። በመጽሐፉና በልጁ አፍ መካከል ያለውን ገደል በየቀኑ የምትሸፍነው ያችው ጠመኔ የያዘች ሴት ናት።

ቡታጅራም ያገኘነው ተመሳሳይ ነው። ክፍሉ በፈረቃ ስለሚሠራ የጧቶቹ ሳይወጡ የከሰዓቶቹ በር ላይ ይጋፋሉ። በአንድ ዴስክ ላይ የመስቃን፥ የማረቆና የስልጤ ልጆች አንድ መጽሐፍ ለሦስት ይዘው ሲያነቡ አየን። በአካባቢው ገጠር ባለፉት ዓመታት በጎረቤታሞች መካከል ደም መፍሰሱን የማያውቅ አንባቢ የለም። እነዚያ ሦስት ልጆች ግን የተጣሉት ገጹን ማን ይገልጣል በሚለው ብቻ ነበር። የመጽሐፍ እጥረት ያመጣው መቀራረብ ነው ብለን አንመጻደቅም፤ ይሁን እንጂ ክፍሉ ቢፈርስ የሚፈርሰው ንባቡ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳን።

ገበያ በሚውልበት ቀን ዴስኮቹ እንደሚሳሱም አስተማሪው ነገሩን። የቀረው ልጅ ዕቃ ሊሸከም፥ ከብት ሊጠብቅ ሄዷል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ የሊስትሮ ሣጥኑን ይዞ አዲስ አበባ ይገባል። ሥራ ነውር አይደለም፤ የጉራጌ ሕዝብ ይህን ለሀገር ያስተማረ ነው። ነውሩ ልጁ አራት ዓመት ዴስክ ላይ ተቀምጦ የሚሄድበትን አውቶቡስ ታፔላ ሳያነብ መሄዱ ነው።

ይህ የአንድ አካባቢ ጉዳይ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምርመራ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ያን ጊዜ ሁላችንም ደነገጥን፤ ከፊሎቻችን ፈተናውን፥ ከፊሎቻችን ተማሪውን ወቀስን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ቤት የሚሠራው ግን በአንደኛ ክፍል መሠረት ላይ ነው። መሠረቱ ላይ በግማሽ ደቂቃ እየለሰንን ጣራው አፈሰሰ ብለን ብንጮህ ምን ይጠቅማል?

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ተማሪ ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። መንግሥት ክፍል መሥራት፥ አስተማሪ መቅጠርና ኑሮውን ማሻሻል እንዳለበት እኛም እናምናለን፤ ከመጠየቅም አንቦዝንም። ግን ታሪክ ሌላም ያስተምረናል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መንግሥታት በ20 ዓመት ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለልጅ ሁሉ እንዲዳረስ ወሰኑ፤ ቀኑ ካለፈ ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው። በዚያው ዘመን የጉራጌ ሕዝብ የሌላውን እጅ ሳይጠብቅ ገንዘብ አዋጥቶ በማኅበር መንገድ ሠራ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም የተላኩት በአስተማሪነት ነው። ዛሬ እኛ አንድ ዓመት አልተጠየቅንም። ሁለት ሳምንት ግን አናጣም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፥ ፈቃደኛ የሆነ አባል በየመንፈቁ ዕረፍት ወደ ተወለደበት ከተማ ሲሄድ ሁለት ሳምንት በአንደኛ ክፍል የንባብ ረዳት ይሁን፤ ሰማንያው ልጅ ለአራት ሰው ሲካፈል ሃያ ሃያ ነው። ሁለተኛ፥ የትምህርት ፋኩልቲ መምህሮቻችን ለልምምድ የሚልኩንን ተማሪዎች ወደ ላይኛው ክፍል ብቻ ሳይሆን ወደ ታችኛውም እንዲመድቡ እንለምናለን። ሦስተኛው ቀላሉ ነው። ይህን ጋዜጣ የምታትመው ማባዣ መኪና በአንድ ስቴንስል ሰማንያ ቅጠል ማውጣት አይሳናትም። በየወሩ ከግጥማችንና ከክርክራችን አንድ ገጽ ቀንሰን፥ የቤታቸውን ቃል ከአማርኛው ጋራ ጎን ለጎን የያዘ የንባብ ወረቀት ለልጆቹ እናውጣ። ቃሉን የሚያውቁ የጉራጌ ልጆች በመካከላችን ሞልተዋል።

ከወልቂጤ ስንነሣ አስተማሪዋ በር ድረስ ሸኘችን። «ብዙ ሰው መጥቶ አይቶን ሄዷል፤ እናንተ ግን ተመለሱ» አለችን። እንመለሳለን ብለናል። ይህን የጻፍነውም ቃላችንን ብቻችንን እንዳንበላው፥ እናንተም እንድትጠይቁን ነው።