የቤተ ሙከራው ቁልፍ እና የላምባው ሞተር

ዛሬ ኤፍ-1 ስለሚባል የሮኬት ሞተር አስተያየቴን ልጽፍ ነው። «ጅግጅጋ ሆነን ሮኬት ምን አገባን?» የሚል ልጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ሰዎች ጨረቃን ሲረግጡ ያጓጓዛቸው ሳተርን 5 የተባለ ሮኬት ነበር። ከታች አምስት ኤፍ-1 ሞተሮች አሉት። የሚገርማችሁ፣ ነዳጁ የላምባ ዘመድ ነው! ቀብሪበያህ ያለችው አያቴ መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ውስጥ የምትጨምረው ማለት ነው፤ የነሱ ግን በደንብ የተጣራ ነው። እንዲነድ ደግሞ በጣም የቀዘቀዘ ፈሳሽ ኦክስጅን አብሮት ይገባል። አንዱ ሞተር ብቻ ሁለቱን ደምሮ በአንድ ሰከንድ 25 ኩንታል ያህል ይጨርሳል። አያቴ ይህን ስነግራት «ምን ያባክናሉ!» አለች።

ታዲያ ይህ ሞተር መጀመሪያ አልሠራም ነበር። ውስጡ ያለው እሳት እየተናወጠ ይሰባብረዋል። በሰኔ 1954 ዓ.ም. አንዱ በሙከራ ላይ እንዳለ ወደመ። መሐንዲሶቹ ግን ሙከራውን አልዘጉም። ጭራሽ ሞተሩ እየነደደ ውስጡ ትንሽ ቦምብ ማፈንዳት ጀመሩ! እሳቱን ሆን ብለው ረብሸው፣ ራሱን ያረጋጋል ወይ ብለው ለማየት ነው። ነዳጁ የሚረጭበትን ሳህን በመዳብ ከለላ ከፋፈሉት፤ ደግሞ ቀየሩ፤ ደግሞ አፈነዱ። በኋላ በ13 በረራ 65 ሞተሮች ተነሱ፣ አንዱም አላሳፈራቸውም።

እኛ ጋስ? ቤተ ሙከራ አለን፤ ተቆልፏል። አምና አንድ ልጅ ቢከር ሰበረ፣ ከዚያ ወዲህ የምንማረው ሰሌዳ ላይ በተሳለ ቢከር ነው። (እሱ እንኳን አይሰበርም።)

አገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳተላይቷን አመጠቀች። እኔ ሳተላይቱን አልንቅም፤ ድርቅ ሲመጣ የክልላችንን ግጦሽ ከላይ ማየት ይጠቅማል። ግን ያነሳው ሮኬት የቻይና ነው። የራሳችንን ሞተር የሚሠራ ልጅ ቢከር እንኳን ካልነካ ከየት ይመጣል?

መምህሮቻችንም እውነት አላቸው፤ አሲድ ያቃጥላል፣ ዕቃውም ውድ ነው። ስለዚህ መምህር ባለበት፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ይከፈትልን። የተሰበረውን ለመተካት የክፍላችን ልጆች በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ብር ለማዋጣት ተስማምተናል። ያልተስማማው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ያ ቢከር የሰበረው። «እኔ ድሮ ከፍያለሁ» ይላል።