አሰበ ተፈሪ እና ጭሮ፦ የአንድ ከተማ ሁለት ስም

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዚህ ዓምድ አንባቢ ደወለችልኝ። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ልጇ «የአያትህን የትውልድ ከተማ ጠይቀህ ጻፍ» የሚል የቤት ሥራ ይዞ መጥቷል። አያትየው «አሰበ ተፈሪ» አሉት። ልጁ የእናቱን ስልክ ወስዶ ካርታ ላይ ቢፈልግ የሚያገኘው ጭሮ ነው። «ጋሼ፣ ቤታችን ለሁለት ተከፍሏል» አለችኝ እየሳቀች። «አባባ ‹እኔ የተወለድኩበትን እኔ ነኝ የማውቀው፤ አሰበ ተፈሪ ብለህ ጻፍ› ይላሉ። ልጁ ደግሞ መምህሯ ስህተት ትለኛለች ብሎ ፈርቷል። እርስዎ እዚያ አስተምረዋልና ይፍረዱን።»

እውነት ነው፤ በወጣትነቴ ስድስት ዓመት አስተምሬበታለሁ። ፍርዱ ግን በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ወደዚህ አመጣሁት። የብዙ ቤት ጥያቄ እንደሆነም አውቃለሁ።

አብዛኞቻችሁ ከተማዋን የምታውቋት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ስለት ስትሄዱ አልፋችኋታል። ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አዋሽን ተሻግራችሁ፣ ቆላውን ጨርሳችሁ፣ አሰቦትንና ሚኤሶን ካለፋችሁ በኋላ መንገዱ ወደ ቀኝ ተጠምዞ ዳገቱን ይጀምራል። እሾሃማው ግራር እየቀረ የማሽላው ማሳ ይመጣል፤ የሚነፍሰው አየር ይለወጣል። ሕፃናቱ ከእንቅልፋቸው የሚነቁት እዚህ ጋ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በተራሮች ተከባ ተቀምጣለች። ማታ ማታ ብርድ አለ። እኔ የመጀመሪያውን የክረምት ሌሊቴን ያለፍኩት በአከራዬ ጋቢና በአንድ ጣሳ ሆጃ ነው። ሆጃ የማታውቁ ካላችሁ፣ ከቡና ቅጠል ወይም ገለባ በወተት የሚፈላ የሐረርጌ መጠጥ ነው።

እነዚህ ተራሮች የጨርጨር ደጋ ይባላሉ። ለልጅ ልጆቻችሁ የምትነግሩት አንድ የጂኦግራፊ ነገር ብቻ ከሆነ ይህን ንገሯቸው፦ በጨርጨር ጀርባ ላይ የወረደ ዝናብ ሁለት ቦታ ይከፈላል። በሰሜኑ በኩል የወረደው ወደ አዋሽ ይሄድና በአፋር ምድር በሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በደቡቡ በኩል የወረደው ወደ ዋቤ ሸበሌ ገብቶ እስከ ሶማሊያ ይዘልቃል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ሳይደርስ አሸዋ ውስጥ ይጠፋል።

ወደ ስሙ ልመለስ። ጨርጨር የኢቱ ኦሮሞ አገር ነው፤ ጭሮ የሚለውም የአገሬው ስም ነው። አሰበ ተፈሪ የሚለው የመጣው በ1910ዎቹ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ጨርጨርን የአዲስ አስተዳደር መሞከሪያ አድርገው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን በሾሙበት ዘመን ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ከተማዋን ቆረቆሩ፤ ለጌታቸው መታሰቢያ የሚሆን ስም ሰጧት። ብዙ ሰው «ተፈሪ አሰበ» ማለት ይመስለዋል። «ዐስብ» ግን በግዕዝ ደመወዝ፣ የድካም ዋጋ ማለት ነው፤ በዚህ ንባብ ስሙ «የተፈሪ ዋጋ» ይሆናል።

ስለ ቆርቋሪው ጥቂት ልበል፤ ለልጆች የሚነገር ታሪክ ያላቸው ሰው ናቸውና። በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለዱ፤ በሐረር በራስ መኮንን ቤት አደጉ፤ ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ገና በልጅነታቸው ሩሲያ ተልከው የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ። ሲመለሱ አውሬዎች እንደ ሰው የሚናገሩበትን «ፋቡላ» የተባለ ተውኔት ጻፉ። በአማርኛ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው እሱ ነው። በአውሬዎቹ አፍ ሹማምንቱን ስለነካ ታገደ። በኋላም በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኚሁ ሰው ናቸው። «አርአያ»ን የጻፈው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ልጃቸው ነው።

እንግዲህ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የአገሬው ስም ወደ ሰሌዳው ተመለሰ። ዛሬ ከተማዋ ጭሮ ናት፤ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ። ፍርዴ ይኸው፦ ልጁ ሁለቱንም ይጻፍ። አያቱ በአሰበ ተፈሪ ተወልደዋል፤ ከተማዋ ጭሮ ናት። አንዱን ስም ለማክበር ሌላውን መስደብ የጀመሩ ቤቶችን አይቻለሁ፤ አማች ከአማት በበዓል ገበታ ላይ ሲኳረፍበት ታዝቤአለሁ። ጭሮ የሚለው ስም ያለ ከተማም የነበረ የሰዎች ርስት ነው። አሰበ ተፈሪ የሚለው ደግሞ የብዙ ሰው የትምህርት ቤት፣ የሠርግና የቀብር ስም ነው። ሕፃኑ ሁለቱንም ቢያውቅ ምን ይጎድልበታል?

ልጆቻችንን ከስሙ ክርክር አልፈን ብናሳያቸው የምመኘው፣ በዚያ ተራራማ አገር ሰዎች የጸለዩባቸውንና የመከሩባቸውን ቦታዎች ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ኦዳ ቡልቱም። ኦዳ የዋርካ ዘመድ የሆነ፣ ጥላው ሰፊ ዛፍ ነው። በገዳ ሥርዓት ሕግ የሚነገረው፣ ሥልጣን የሚተላለፈው፣ ደም የሚታረቀው በጥላው ሥር ነው። የኦሮሞ አምስቱ ታላላቅ የኦዳ ቦታዎች ሲቆጠሩ ኦዳ ቡልቱም አንዱ ነው፤ የኢቱዎች መሰብሰቢያ። ገዳ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲም የተሰየመው በዚሁ በኦዳ ቡልቱም ነው። አንድ ተማሪዬ አያቱ ኦዳ ሥር ድምፃቸውን ከፍ እንደማያደርጉ ነግሮኝ ነበር። «ቤት ይጮሃሉ እንጂ እዚያ አይጮሁም» ነበር ያለኝ።

ከጭሮ ወደ ደቡብ የሚገነጠለው መንገድ ወደ በዴሳና ገለምሶ ይወስዳል። በዴሳ በኦሮምኛ የዶቅማ ዛፍ ስም ነው፤ እዚያ አገር ከተማም በዛፍ ይጠራል። ገለምሶ ደግሞ የታወቀች የእስልምና ትምህርት አገር ናት። ደረሳዎች ከሩቅ እየመጡ ከሼኮቹ ሥር ቁጭ ብለው ቁርዓንና ፊቅህ ይቀራሉ፤ የመንደሩ ሰው ምግባቸውን ያዋጣል። ይህ የቆሎ ተማሪን ለሚያውቅ የክርስቲያን አያት እንግዳ ነገር አይደለም። አኩፋዳው ባይኖርም ረሃቡና ትጋቱ አንድ ነው።

በቆላው በኩል፣ ወደ ሚኤሶ ስትቃረቡ፣ ከሜዳው ብቻውን የተነሣ ትልቅ ተራራ ታያላችሁ። እሱ አሰቦት ነው። ልጆች ከአሰበ ተፈሪ ጋር ያምታቱታል፤ ሌላ ነው። አናቱ ላይ የአቡነ ሳሙኤል ዘደብረ ወገግ ገዳም አለ። አቡነ ሳሙኤል በመካከለኛው ዘመን የነበሩ፣ ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ደቀ መዛሙርት ጋር የሚቆጠሩ መነኩሴ ናቸው። ስሙን ልብ በሉ፤ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል «ወገግ አለ» እንላለን። ዙሪያው ደረቅ ሆኖ ገዳሙ ግን በጥድና በወይራ ደን የተሸፈነ ነው። ደኑ በ2004 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶበት ብዙ ሰው ሊያጠፋ ወጥቷል። ኦዳውን ማንም አይቆርጠውም፤ የገዳሙንም ደን ማንም አይቆርጠውም። የተረፈው ዛፍ በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ክልከላዎች ጥላ ሥር ያለው ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ምክንያቱም ሌላው ደን ሄዷል። ከጭሮ ብዙም በማይርቀው በኩኒ ሙክታር ለደጋ አጋዘን የተከለለ ጥብቅ ቦታ አለ። ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም። መሳቢያ ውስጥ አሮጌ አሥር ሳንቲም ካላችሁ አውጥታችሁ ለልጁ አሳዩት፤ በላዩ ያለው እንስሳ እሱ ነው። ቡናውም ቢሆን ቦታ እየለቀቀ ነው። ዓለም «የሐረር ቡና» ብሎ ከሚጠጣው ብዙው የሚበቅለው በጨርጨር ነው። ቡና ግን በዓመት አንዴ ይለቀማል፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል። ገበሬው ማባዛት ያውቃል። በመምህርነት ዘመኔ ጓሮው ሁሉ ቡና የነበረ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ ስጠይቀው «ልጅ ማስተማሪያዬ ጫቱ ነው» አለኝ። ልፈርድበት አልቻልኩም፤ ደስ ግን አላለኝም።

አሁን ለወላጆች አንድ የሥራ ነገር። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ «ሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት፣ ጨርጨር አዳልና ጋራ ጉራቻ አውራጃ፣ አሰበ ተፈሪ» የሚል የክርስትና ወረቀት፣ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ የግብር ደረሰኝ አለ። ዛሬ ያ ጠቅላይ ግዛት የለም፤ አውራጃውም የለም። ውጭ አገር የተወለደ የልጅ ልጅ ይህን ወረቀት ከአዲሱ መታወቂያ ጋር ቢያስተያይ ሁለት ሰው፣ ሁለት አገር ይመስለዋል። ስለዚህ አያቶቹ በሕይወት እያሉ ከወረቀቱ ጋር አንድ ቁራጭ አያይዙ፦ የድሮው ስም፣ የአሁኑ ስም፣ ሰፈሩ፣ ቀበሌው፣ ጎረቤቱ ማን እንደነበር። የፎቶግራፍ ጀርባ ላይ ግን በእስክሪብቶ አትጫኑ፤ ፊቱን ይጎዳዋል፤ በእርሳስ በቀስታ ይበቃል።

መንገዱን የምትቀጥሉ ከሆነ ከጭሮ በኋላ ሂርና ትመጣለች። ተክለ ሐዋርያት ከጣሊያን ወረራ በኋላ በስደት ማዳጋስካር ብዙ ዓመት ቆይተው ሲመለሱ የሄዱት ወደዚያው ወደ ጨርጨር ነው። ሂርና ላይ እርሻ ይዘው ኖሩ፤ በ1969 ዓ.ም. አረፉ። አውቶቡሱ ለሻይ ከቆመ ልጁን ውረድ በሉትና ማሳውን አሳዩት።