መድኃኒቱን የት ታስቀምጪዋለሽ?

ዛሬ የማካፍላችሁን ታሪክ ባለቤቷ ራሷ፣ «ለሌላ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ጻፊው» ብላ ፈቅዳልኛለች። ስሟንም ሰፈሯንም አልጽፍም። እናንተም «እገሊት ትሆን?» እያላችሁ አትገምቱ።

በቤተ ክርስቲያናችን ረቡዕ ጠዋት የእኅቶች የጾም ጸሎት አለን። ይህች እኅት በየወሩ አንድ ረቡዕ ትቀር ነበር። እኔም የመጋቢ ሚስት ነኝና (አንዳንዴ የመጋቢ ሚስትነት የመቆጣጠሪያ ሥልጣን ይመስለናል) አንድ ቀን በር ላይ ያዝኳትና፣ «ለጌታ በወር አራት ጠዋት መስጠት እንዴት ያቅትሻል?» አልኳት። አንገቷን ደፋች እንጂ አልመለሰችልኝም። ከዓመት በኋላ ቤቴ መጥታ እያለቀሰች ነገረችኝ። ረቡዕ የሆስፒታል ቀጠሮዋ ነበር። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እንዳለ ያወቀችው ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ስትመረመር ነው። መድኃኒቱን በጊዜ ስለ ጀመረች ልጁ ከቫይረሱ ነፃ ሆኖ ተወልዷል። ለባለቤቷ ግን አልነገረችውም። ጤና ጣቢያ አፍንጫዋ ሥር እያለ፣ የሚያውቃት እንዳያገኛት ሁለት ታክሲ ይዛ ከተማውን አቋርጣ ትሄድ ነበር።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ነርሷ ውጤቷን አይታ፣ «በጣም ጥሩ ነሽ፣ ከእንግዲህ የስድስት ወር መድኃኒት እንስጥሽና በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ትመጫለሽ» አለቻት። ሌላው ቢሆን እልል ይል ነበር። እርሷ ግን፣ «አይ ሲስተር፣ የወር የወሩ ይሁንልኝ» ብላ ለመነች። ነርሷ አልተቆጣችም። «ቤት ውስጥ መድኃኒቱን የት ነው የምታስቀምጪው?» ብላ ጠየቀቻት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም! ክኒኑ እንዳይንሿሿ ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ ትጠቀጥቅና ሽሮ ዕቃ ውስጥ ትቀብረዋለች። ባለቤቷ ቤት የሚውል ቀን ሽሮ የምታወጣ መስላ ነው የምትውጠው። የአንድ ወሩን እንዲህ ደበቀች፤ የስድስት ወሩን የት ታድርገው?

በአገራችን ይህ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ያኔ ለሁሉም አይሰጥም ነበር፤ ሲዲ ፎር የሚባለው የመከላከያ ኃይል መጠን ከ200 በታች የወረደበት ወይም ሕመም የጠናበት ሰው ነበር የሚቀድመው። ክኒኑ በቀን ሁለት ጊዜ ይዋጣል። ጤነኛውም ሕመምተኛውም በአንድ ሰልፍ ቆሞ በየወሩ ይመላለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ወዲያው ይጀምር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደግሞ በኢትዮጵያ መድኃኒቱን ለለመዱና ቫይረሱ ለወረደላቸው አዋቂዎች የስድስት ወር መስጠት ተጀመረ። በሞዛምቢክ ቴቴ በሚባል አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 እስከ ስድስት የሚደርሱ ጎረቤታሞች ቡድን ሠርተው፣ በየተራ አንዱ ሄዶ የሁሉንም መድኃኒት ማምጣት ጀምረዋል። እንደ ዕቁባችን ማለት ነው፤ ብር በመሰብሰብ ፈንታ መድኃኒት።

ይሁን እንጂ ለአንዱ ዕረፍት የሆነው ለሌላው ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ጌታ ዓይነ ስውሩን በርጤሜዎስን እንኳ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ጠይቆታል። የዓይኑ መታወር ሳይታየው ቀርቶ ይመስላችኋል? ያቺ ነርስ የወር የወሩን እንደ ጥንቱ ሰጠቻት፤ ምክር ለመቀበል ግን ስትፈልግ ከባለቤቷ ጋር እንድትመጣ በሩን ክፍት አደረገችላት።

ስለ ጸሎትም ሳልናገር አላልፍም። እኔ በፈውስ አምናለሁ፤ እጄንም ጭኜ እጸልያለሁ። ነገር ግን መድኃኒት በደንብ የወሰደ ሰው ሲመረመር «ቫይረሱ አልታየም» የሚል ውጤት ያገኛል። ይህ ማለት ቫይረሱ ከሰውነቱ ወጥቷል ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ አስሮ ይዞታል ማለት ነው። ይህን ወረቀት ይዞ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚመሰክርና በማግሥቱ ክኒኑን የሚጥል አለ። መድኃኒቱ ሲቆም ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበዛል። «ጣለው» ብለን የምንመክር አገልጋዮች ምን እያደረግን እንደ ሆነ እናስብ። ሐኪሙ ሳያቆም እኛ ማስቆም አንችልም።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ያው «አልታየም» ለቤታችሁ ትልቅ የምሥራች ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ፣ አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት ከ1,700 በላይ ጥንዶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ሕክምናን ቀድሞ መጀመር ወደ ትዳር ጓደኛ መተላለፍን በ96 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ደግሞ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው በግንኙነት እንደማያስተላልፍ ተረጋግጧል። እንግዲህ ሚስትህ ክኒኗን ስትውጥ አንተንም እየጠበቀች ነው። ቢሆንም «ዛሬውኑ ንገሪው» ብዬ ማንንም አላስገድድም። ዱላ ወይም ከቤት መባረር የምትፈሪ እኅት ካለሽ፣ መጀመሪያ ከባለሙያ ጋር ተመካከሪ። መንገር ያለበት ባልየው የሆነበትም ቤት ብዙ ነው።

እኅታችን ከሰባት ወር በኋላ በነርሷ ክፍል፣ በነርሷ ፊት ለባለቤቷ ነገረችው። ሦስት ቀን አላናገራትም። በአራተኛው ቀን ተመረመረ፤ ነፃ ነው። ነገሩ ሁሉ ወዲያው ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም፤ «ለምን ደበቅሽኝ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም አልፎ አልፎ ይነሣል። መድኃኒቱ ግን ከሽሮ ዕቃው ወጥቷል። አሁን የስድስት ወሩን ትወስዳለች፤ ብልቃጦቹ ቁም ሣጥኑ ላይ ናቸው፤ ጥጡም ቀርቷል።

እኔም የእኅቶችን ጸሎት ረቡዕ ጠዋትና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አድርጌዋለሁ። ለእርሷ እንኳ አሁን አያስፈልጋትም። ረቡዕ የማይመቻት ሌላ ትኖር ይሆናል ብዬ ነው። ማን እንደ ሆነች አልጠየቅሁም።